የእማዬ ሰማያዊ ሻንጣ ወደ ቴፒ

ቴፒን የማየት ዕድል ያልገጠማችሁና የማይገጥማችሁ ወዳጆቼ፣ ስለ ደን ውበት ትነግረናለች ብላችሁ ከሆነ ከአሁኑ ተስፋ ቁረጡ። ደኑን ከላይ አይቼዋለሁ፤ ማለቂያ የሌለው የጎመን ማሳ ይመስላል። ከታች ደግሞ ጭቃ ስመለከት ስለነበር ቀና ብዬ አላየሁትም። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ሻንጣ ነው። «ከዚያ አገር ምን ይዘሽልን መጣሽ?» እያላችሁ ለነዘነዛችሁኝም መልሱ ከታች አለ።

ነገሩ የሚጀምረው ከታናሽ እህቴ ከአስቴር ነው። አስቴር ድሬሰር ሆና ቴፒ ጤና ጣቢያ ተመደበች፤ እዚያው የቡና እርሻ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ጴጥሮስ የሚባል መካኒክ ወደደች። ጴጥሮስ የከምባታ ልጅ ነው፤ ካቶሊክ ነው፤ ጨዋ ነው፤ ደንቡን ጠብቆ አዲስ አበባ ድረስ ሽማግሌ ላከ። እማዬ ሽማግሌዎቹን አብልታ አጠጥታ «እናስብበት» ብላ ሸኘቻቸው። እያሰበች ዓመት አለፈ። አስቴርና ጴጥሮስ ሐሳቡ እስኪያልቅ አልጠበቁም፤ ተጋቡ። ከዚያ ወዲህ እማዬ የአማቿን ስም ጠርታ አታውቅም። «ያ ሰውዬ» ነው የምትለው። ቴፒ ሂጂ ስትባል ደግሞ መልሷ አንድ ነው፦ «አውሮፕላን እፈራለሁ።» ልብ በሉ፣ ይህቺ ሴት አጥር ዘሎ የገባ ሌባ በዘነዘና ያባረረች ሴት ናት።

አስቴር ሴት ልጅ ወለደች። ከቴፒ በመጣ ሰው አፍ የላከችው መልእክት አጭር ነበር፦ «እማዬ መጥታ ስም ካላወጣችላት ልጄ ስም የላትም።» በእኛ ቤት የልጅ ልጅን ስም የምታወጣ አያት ናት፤ የእኔን ሚሚንም ትዕግስት ብላ የሰየመቻት እማዬ ናት። በማግስቱ ማንንም ሳታማክር መርካቶ ወረደችና ጥሩ ሰማያዊ ሻንጣ ገዝታ መጣች። ደስ ብሎን ለአስቴር «እማዬ ሰማያዊ ሻንጣ ገዝታለች» ብለን ላክንላት። ሻንጣው ግን ቁም ሳጥን ላይ ወጣ፤ ዳንቴል ለበሰ፤ እዚያው ቀረ። ልጅቷ ጥርስ ልታበቅል ስትደርስ እኔ የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ቤተሰብ ይዞ በአውሮፕላን ወደዚያ አገር የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚመርጠው የእጅ ሻንጣውን ነው። ምክንያቱም አውሮፕላኗ ትንሽ ናት። ክብደት ሲበዛባት መጀመሪያ የምታወርደው በሆዷ የያዘችውን ዕቃ ነው። ከናንተ ጋር በእርግጠኝነት የሚደርሰው በእጃችሁ ያለው ብቻ ነው። ይህን የነገረችን እዚያው አካባቢ ማሻ ድረስ ሄዳ ከሻንጣዋ ቀድማ የተመለሰች ጎረቤታችን ናት።

ባለቤቴ ተስፋዬ ሒሳብ ሹም ስለሆነ ነገሩን በስብሰባ አደረገው። አንደኛው ዕጩ የእሱ ጥቁር የቢሮ ቦርሳ ነበር፤ ከፋይልና ከምሳ ዕቃ በቀር ምንም አይገባበትም። ሁለተኛው ዚፑ አልዘጋ ብሎ በመርፌ ቁልፍ የምይዘው የእኔ ቦርሳ ነው። ሜትር አውጥቶ ለካቸው። «ከወንበር ሥር መግባት አለበት፤ ለሦስት ሰው ቅያሪ መያዝ አለበት፤ ጠንካራ መሆን አለበት» እያለ ሲደሰኩር እማዬ አልጋዋ ላይ ሆና ትሰማለች።

«ያንን ውሰዱት» አለች በመጨረሻ፣ በአገጯ ወደ ቁም ሳጥኑ እያመለከተች። «ቆሞ አቧራ ከሚጠጣ አገር ይይ።»

ገና ሳናወርደው መሙላት ጀመረች። የአራስ ቅቤ በጣሳ፣ አብሽ፣ በሶ፣ የገንፎ ዱቄት፣ ቀበሌ ተሰልፋ ያመጣችው ስኳር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ራሷ የፈተለችው ትንሽዬ የሕፃን ጋቢ። «ለማን ነው?» አልኳት ሆን ብዬ። «ለአላፊ አግዳሚው ስጪው» አለች። ሻንጣው ሲዘጋ ለአንድ ካልሲ እንኳ ቦታ አልነበረውም።

አእምሮው የተስተካከለ ሰው ቢሆን የራሱን ልብስ በእጁ ይዞ የእማዬን ጣሳ አውሮፕላኗ ሆድ ውስጥ ይከት ነበር። ግን የእናት አደራ እንዴት ለጭነት ይሰጣል? ልብሳችን በትልቁ ሻንጣ ሆኖ አውሮፕላኗ ሆድ ገባ፣ ቅቤው በእጃችን ሆነ። ተስፋዬ እንኳ ያ ሁሉ ሜትርና ስብሰባ እያለው «ልክ ነው» አለ።

በመጀመሪያው ቀን ገና ሳይነጋ ቦሌ ደረስን። ይለፍ ወረቀታችን ታየ፣ ከዚያ ዕቃው ብቻ ሳይሆን እኛም ተመዘንን። ሚዛኑን የሚያነበው ሰው የእያንዳንዱን ሰው ክብደት ለጸሐፊው የሚናገረው ማዶ ላለ ሰው እንደሚጣራ ነው። የእኔ ሲጠራ ሰልፈኛው በሙሉ ዘወር ብሎ አየኝ። ቅቤው ነው ልል ፈልጌ ነበር፤ ሻንጣው ግን ለብቻው ነው የተመዘነው።

አውሮፕላኗ ቂጧን መሬት አስነክታ ነው የምትቆመው። ከጭራዋ ገብታችሁ ወደ ወንበራችሁ ሽቅብ ትወጣላችሁ። ሻንጣው ከወንበሩ ሥር አልገባም፤ ሜትሩ ዋሽቷል። ተስፋዬ ጭኑ ላይ አስቀምጦ አቀፈው። ጅማ ወርደን ፀሐይ ላይ ቆየን፤ ተነስተን ደግሞ ደመና ውስጥ ተንገጫገጭን። ሚሚ «እማማ የፈራችው ይሄንን ነው?» አለችኝ። «አይደለም የኔ ልጅ» አልኳት፤ ሌላ ምን ልበላት?

ቴፒ በጉም ተሸፍኗል ተባለና ሚዛን ተፈሪ አወረዱን። ትልቁ ሻንጣችን ግን አልወረደም። ለካ ከአዲስ አበባም አልተነሳም ነበር። የአውሮፕላን ሜዳውን የሚጠብቀው ሰውዬ ዣንጥላውን እንደያዘ አጽናናን።

«ዝናቡ ሲያቆም ይመጣል።»

«ዝናቡ መቼ ነው የሚያቆመው?» አለ ተስፋዬ።

«ጥቅምት።»

ወሩ ግንቦት ነበር። ይህን እያወራን ሳለ ነው የተስፋዬን ሱሪ ያየሁት። ቅቤው ጅማ ላይ ቀልጦ፣ በጣሳው ክዳን አምልጦ፣ በሻንጣው ማጠፊያ በኩል ሁለት ጭኑ ላይ ወርዷል። ያለችው ሱሪ ደግሞ ያቺው ናት። አዲስ አበባ ቢሆን ታክሲ ይዞ ወደ ቤቱ ይሮጥ ነበር፤ እዚህ ግን ከእኛ ቤት እስከዚያ ሜዳ ድረስ ያለው ሁሉ ደመና ነው።

ያረፍነው እትዬ ዘሃራ የሚባሉ የስልጤ ሴት ዘንድ ነው። ፊት ለፊት ሱቅ፣ ከኋላ የሚከራዩ ክፍሎች አሏቸው። ተስፋዬን ከእግር እስከ ራሱ አይተው ሳይስቁ ገቡና የባላቸውን ሽርጥ አመጡለት፤ ያ ከወገብ በታች የሚጠቀለለው ባለ ሰንበሩ ነው። ስብሰባ ላይ «ጓድ ሒሳብ ሹም» የሚባለው ባሌ ከላይ ሸሚዝና ከረባት፣ ከታች ሽርጥ ለብሶ ራት ቀረበ።

«የቤቴን ሥጋ እንደማትበሉ አውቃለሁ» አሉ እትዬ ዘሃራ ሳህኑን እያስቀመጡ። «እንቁላል ግን ሃይማኖት የለውም። ብሉ ልጆቼ።»

ሽሮና የእንቁላል ጥብስ ነበር፤ እንጀራውም ቀጭንና ለስላሳ። ከራት በኋላ ሻንጣውን ከፈቱና አንድም ሳይጠይቁኝ የቅቤውን ጣሳ አፍ በሊጥ ደፈኑት፤ ላዩን በጨርቅ አሰሩት። የሕፃኗን ጋቢ ቅቤ እንዳይነካው በሱቃቸው ላስቲክ ጠቀለሉት። «ይሄ የእናት ዕቃ ነው» አሉኝ። «እሷስ ለምን አልመጣችም?»

«አውሮፕላን ትፈራለች።»

«እሺ» አሉ እትዬ ዘሃራ። እንዳላመኑኝ ያ «እሺ» ብቻውን ይነግራችኋል።

በሁለተኛው ቀን ቀኑን ሙሉ አውሮፕላን ጠበቅን። ሜዳው ሣር ስለሆነ ላሞች ይግጡበታል፤ ጠባቂው ድምፅ ሲሰማ ሮጦ ያባርራቸዋል። ድምፅ ተሰማ፤ ላሞቹ ተባረሩ፤ ድምፁ ከደመናው በላይ አልፎ ሄደ፤ ላሞቹ ተመለሱ። አዲስ አበባ አውቶቡስ ስንጠብቅ ያማረርነው ሁሉ ጥጋብ ሆኖ ታየኝ። ሱሪው ታጥቦ ገመድ ላይ ነበር። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ልብስ ይታጠባል እንጂ አይደርቅም። እኔም የእትዬ ዘሃራን ቀሚስ ለብሼ ነበር፤ ሚሚ አብራኝ ብትገባበት ይበቃን ነበር።

በሦስተኛው ቀን ወደ ቴፒ የሚመለስ የቡና እርሻው የጭነት መኪና እትዬ ዘሃራ አፈላልገው አገኙልን። የቤት ኪራይ አልቀበልም አሉ፤ ሽርጡንም አልወስድም አሉ። «ሱሪው ይደርቃል፣ ያን ጊዜ ትልክልኛለህ» አሉት። እርጥቡን ሱሪ በእንጨት ላይ አስረን እንደ ባንዲራ እያውለበለብን ሄድን።

ያ መንገድ፣ መንገድ ከተባለ፣ የቤንችን አገር አልፎ በደን ውስጥ ይሾልካል። ጎማው ላይ ሰንሰለት አሰሩ። ሰንሰለቱም አልበቃም። አንድ ቁልቁለት ላይ መኪናው ወገቡ ድረስ ገባና ሾፌሩ «ሁሉም ይውረድ፣ ይግፋ» አለ። ተስፋዬ ሻንጣውን መኪናው ላይ ትቶ መውረድ ፈራ። በአንድ እጁ ሻንጣ፣ በአንድ እጁ ሽርጡን ይዞ ወረደ።

«ዕቃውን ልቀቅና ግፋ እንጂ!» አለው ሾፌሩ።

«የአማቴ ነው!»

«እሷ መጥታ ትግፋዋ!»

ተስፋዬ በሦስተኛው እርምጃ ተንሸራተተ። ሲነሳ እጀታው በእጁ ነበር፤ ሻንጣው ግን ጭቃ ውስጥ ነበር። ሽርጡ ደግሞ ሌላ ቦታ ነበር። ሚሚ እስከ ዛሬ ይህን ጉዞ የምታስታውሰው በዚያ ነው። እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፣ ወዲያው ደግሞ ደነገጥኩ። እማዬ በሕይወቷ ለራሷ የገዛችው የመጀመሪያ ሻንጣ እጀታ አልባ ሆኖ ደን ውስጥ ተጋድሞ ሳየው ሳቄን ትቼ ጭቃው ውስጥ ገባሁና አነሳሁት።

ቴፒ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። አስቴር የመኪናውን ድምፅ ሰምታ ልጇን ታቅፋ ከቤት ወጣች። ከተስፋዬ ቀጥሎ የወረደው ሻንጣው ነው፤ ሾፌሩ አቀበለ፣ ተስፋዬ ተቀበለ። አስቴር ሻንጣውን አየች። ሰማያዊ እንደሆነ ነግረናት ነበር። ፊቷ በራ። ከዚያ እኔ ወረድኩ፣ ሚሚ ወረደች። አስቴር አሁንም ከኋላችን ታያለች። ሾፌሩ የኋላውን በር እስኪዘጋ ድረስ አየች። በዚያች ሰዓት ሻንጣውን በማምጣቴ ራሴን ረገምኩ። ያለ እሱ ብመጣ ይህን ያህል ባልጎዳኋት ነበር።

«እንኳን ደህና መጣሽ እታለም» አለችኝና ሳመችኝ፤ ስማኝ ደግሞ አለቀሰች።

ጴጥሮስ ከጋራዡ እጁን እያበሰ መጣ። ዝምተኛ፣ ረጅም ሰው ነው። ተስፋዬን «እንኳን ደህና መጡ ጋሽ ተስፋዬ» ብሎ ሰላም አለው፤ ዓይኑ በጭቃ የተለወሰው ሽርጥ ላይ አረፈ፤ ወዲያው አነሳው። ስለ ሽርጡ እስክንመለስ ድረስ አንድም ነገር አልጠየቀም። ተስፋዬ ሃይማኖት ለውጦ ቢሆንስ ብሎ አስቦ ይሆናል፤ ካሰበ ግን በአክብሮት ነው ያሰበው።

በአራተኛው ቀን ቴፒን አየሁ። ማለትም ከአስቴር በረንዳ የሚታየውን አየሁ። ሙቀቱ እንደ እኛ ቤት ሚያዝያ አይደለም፤ የፈላ ድስት ክዳን ከፍታችሁ ፊታችሁን ብታስጠጉ ያ ነው። ጎረቤቶች ጎደሬ ቀቅለው አመጡ፤ ሙዝ በዘለላው መጣ። የሸኮ ብሔረሰብ የሆነችው የአስቴር ጎረቤት በጠዋቱ የቡና ቅጠል ከዝንጅብልና ከቃሪያ ጋር አፍልታ በቅል አቀበለችኝ። የቡና አገር ገብቼ ቡናውን ትተው ቅጠሉን ማጠጣታቸው መጀመሪያ አስከፋኝ፤ በሁለተኛው ቅል ታረቅን። ቡናውንማ ይዞ መውጣት ክልክል ነው፤ ኬላው ይፈትሻል። አያችሁ፣ ለናንተ ያላመጣሁት ወድጄ አይደለም።

ልጅቷ ቆንጆ ናት። ግንባሯ የእማዬ ነው፤ ስትቆጣም ቅንድቧን እንደ እማዬ ነው የምትሰበስበው። ሰው ሁሉ «እሷ» ይላታል። «እሷ ተኛች?» «እሷ ጠባች?» ሚሚ ግራ ገብቷት «ስሟ እሷ ነው?» ብላ ጠየቀች። ማንም አልሳቀም።

ተስፋዬ መፍትሔ አላጣም። «ቀላል ነው» አለ ምሳ ላይ። «እማማ ስሙን ለእኛ ይንገሩን፤ እኛ ቴሌ ሄደን በቴሌግራም እናስተላልፋለን። አለቀ።»

አስቴር ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ጋሽ ተስፋዬ፣ ስምማ እኔም አላጣ። መጽሐፍ ገልጬ ማውጣት እችላለሁ። እኔ የምፈልገው መጥታ ቤቴን እንድታየው ነው። እንድትቀመጥበት። ባሌን በስሙ እንድትጠራው።»

ጴጥሮስ ተነስቶ ወጣ። የተቆጣ መስሎኝ ተከተልኩት። ጋራዡ ውስጥ ሻንጣውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ጭቃውን በጨርቅ ሲጠርግ አገኘሁት። ከአሮጌ የሞተር ቺንጋ፣ ከዚያ ከጎማ ቀበቶው፣ ቆርጦ፣ ሁለት ድርብ አድርጎ እጀታ ሰፍቶ፣ በሪቬት ሚስማር መታው። ላዩን እጅ እንዳይልጥ ለስላሳ ቆዳ አለበሰው። እንደጨረሰ በአሸዋ ሞልቶ አንጠልጥሎ ጋራዡን ዞረ።

«አሸዋ ለምን?» አልኩት።

«እሳቸው ይይዙታል እኮ» አለኝ።

በአምስተኛው ቀን ሰማዩ ጠራና አውሮፕላኗ መጣች። ከሆዷ መጀመሪያ የወጣው ምን መሰላችሁ? የእኛ ትልቁ ሻንጣ። እንደ ሹም ተሸክመው አወረዱት። ተስፋዬ ሊያቅፈው ምንም አልቀረውም። ደስታችን ግን እስከ ሚዛኑ ብቻ ነበር። ክብደት ሞልቷል፤ ከተመላሽ ዕቃችን አንዱ መቅረት አለበት ተባለ። በአንድ በኩል ልብሳችን፣ በሌላ በኩል አስቴር ሰማያዊውን ሻንጣ የሞላችው የጫካ ማር፣ ኮረሪማ፣ ቁንዶ በርበሬና እርድ። «የእናት ሻንጣ ባዶውን አይመለስም» ብላ ነው የሞላችው። ተስፋዬ ልብሱን አየ፤ አስቴርን አየ፤ እጀታውን አየ። ከዚያ ልብሱን ለጴጥሮስ አስረከበው። እንዲህ ሆኖ ልብሳችን ቴፒ ሲደርስ እኛ ወጣን። የተስፋዬ የሠርግ ሱፍ አሁን የሚኖረው ቴፒ ነው።

ፈታሹ ፖሊስ ቡና ፍለጋ እጁን እስከ ክርኑ ሻንጣው ውስጥ ከተተ። ያገኘው የሕፃኗን ጋቢ ነው። አስቴር የልጇን ጠረን እንደያዘ ሳታጥብ አጣጥፋ ከላይ አድርጋዋለች። አሸተተውና መልሶ በቀስታ አስቀመጠው። «የሕፃን ነው» አለ ለራሱ፤ ልጆች ሳይኖሩት አይቀርም።

ቤታችን ስንደርስ እማዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እኛን ሳመችን፤ ዓይኗ ግን ሻንጣው ላይ ነበር። አልጋዋ ላይ አስቀምጣ ዞር ዞር አድርጋ አየችው። እኔና ተስፋዬ የተስማማንበት ውሸት ነበረን፤ «አውሮፕላን ላይ ተበጠሰ» ልንል ነበር። ጊዜ አልሰጠችንም።

«ይሄ እጀታ የራሱ አይደለም።»

«ተበጥሶ ነው» አልኩ። «ተሠራ።»

«ማን ሠራው?»

«ጴጥሮስ።»

ያ ስም በዚያ ክፍል ውስጥ ጮክ ተብሎ ሲጠራ የመጀመሪያው ነው። እማዬ እጀታውን ያዘች፤ አነሳችው፤ አስቀመጠችው፤ ደግማ አነሳችው። ክብደቱን በክንዷ እየሞከረች ክፍሉን አንድ ጊዜ ዞረች። ከዚያ ከፈተችው። ማሩን አላየችውም፤ ኮረሪማውን አላየችውም። ጋቢውን አወጣችና ፊቷን ቀበረችበት። እኔም ሚሚን ይዤ ልወጣ ስል ተስፋዬ፣ ፈጣሪ ይይለት፣ እስክሪብቶ አወጣ።

«እማማ፣ ስሙን ይንገሩኝና ነገ ጠዋት በቴሌግራም...»

«ስም በሽቦ አይላክም» አለች ከጋቢው ውስጥ። «በሻንጣም አይላክም።» ቀና አለች፤ ዓይኗ ቀልቷል፤ ቅንድቧ ግን የተለመደው ነው። «ለመሆኑ ልብስህ የት አለ?»

«ቴፒ።»

«አይ፣ የዘመኑ ሰው! እንዲህ ያለ ሱፍ ጥሎ የሚመጣ! ማን ሊያመጣልህ ነው? እኔው መሄዴ ነው እንጂ።»

«አውሮፕላን እፈራለሁ ትዪ የለም እንዴ?» አልኳት።

«እፈራለሁ አልኩ እንጂ አልሄድም ያልኩት መቼ ነው?»

ትናንት ቦሌ ሸኘናት። ሻንጣውን ለእኔ አላስያዘችኝም፤ ለተስፋዬም አልሰጠችም። ክብደት የሚጠራው ያው ሰውዬ ሚዛኑ አጠገብ ቆሟል። የእማዬ ተራ ሲደርስ እጇን አየና በትሕትና ተናገራት።

«እማማ፣ ሻንጣው ለብቻው ነው የሚመዘነው። ያስቀምጡት።»

«አላስቀምጥም» አለች እማዬ፣ ሻንጣዋን እንዳንጠለጠለች ሚዛኑ ላይ እየወጣች። «እጀታውን የሠራልኝ አማቼ ነው።»